ስለ መዥገር መድኃኒትና ስለ ወተት ጠይቁኝ

ዶክ፦ ድሬም ሐረርም ከብት ሳክም ነው የኖርኩት፣ ዛሬ ማታ ፈታ ብያለሁ ጠይቁ። ብቻ የመድኃኒቱን ስም ሳትጽፉ «መርፌ ወጋናት» አትበሉኝ አቦ።

የሳቢያኗ፦ ዶክተር ላሜን መዥገር ፈጅቷት መርፌ ተወጋች፣ ወተቷን ለልጆች ልስጥ?

ዶክ፦ ምን መርፌ?

የሳቢያኗ፦ አይቨር ምናምን ይላል

ዶክ፦ አይቨርሜክቲን። ለልጆቹ አትስጪ። ይሄ መድኃኒት ስብ ይወዳል፣ በመርፌ ሲገባ ሰውነቷ ስብ ውስጥ ይቀመጥና በወተት ለሳምንታት ትንሽ ትንሽ እያለ ይወጣል፣ ለዛ ነው ብልቃጡ ላይ ለምትታለብ ላም አትስጡ የሚለው። ኮዴክስ፣ የዓለም የምግብ ደረጃ አውጪው፣ በላም ወተት የሚፈቅደው በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው፣ ይሄ ደግሞ በዓይንም በምላስም አይታወቅም። ኤፕሪኖሜክቲን የሚባል ዘመድ አለው፣ ጀርባ ላይ የሚፈስ፣ ወተት ውስጥ የሚገባው በጣም ትንሽ ስለሆነ በብዙ አገር ለምትታለብም ይፈቀዳል።

ቀፊራ፦ ቢፈላስ?

ዶክ፦ ማፍላት ጀርም ነው የሚገድል፣ መድኃኒቱን አያጠፋም።

መጋላ፦ ቅቤ ቢወጣለትስ

ዶክ፦ ባሰ! 1 ኪሎ ቅቤ እኮ ከ20 ሊትር ገደማ ወተት ነው የሚወጣው፣ ስቡ ውስጥ የተደበቀው አብሮ ይሰበሰባል። አሬራው ይሻላል፣ እኛ ግን አሬራውን ለጥጃ ቅቤውን ለእንግዳ።

የጀጎል ልጅ፦ ፍየሎቼ ገራባ ነው የሚበሉት፣ ችግር አለው?

ዶክ፦ ይሄን ጥያቄ ስንት ጊዜ ጠበቅኩት! መርፌ መርፌ ስትሉ ገራባውን ማን ያየዋል? ጫት ላይ ማላታይን የሚባል የተባይ መርዝ የሚረጭ አለ፣ ዲዲቲ ሳይቀር የሚረጭ አለ፤ አንተ ቀንበጡን ቅመህ የጣልከውን ትልልቅ ቅጠል ፍየሏ ሳይታጠብ ትጠርገዋለች። ማላታይን ቶሎ ይፈርሳል። ዲዲቲ ግን ዓመታት ስብ ውስጥ ይቀመጣል፣ መውጫው ደግሞ ወተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ቶሎ የማይፈርሱ መርዞችን በሚገድበው የስቶክሆልም ስምምነት እንደ ወባ ትንኝ ላሉ በሽታ አስተላላፊዎች ብቻ ተብሎ የተተወ ነገር ጫት ላይ ምን ይሠራል?

ቀፊራ፦ የአወዳይ ጫት ነው እንዲህ የሚረጨው

የጀጎል ልጅ፦ ኧረ ተው፣ ድሬ ጫቱን ከየት ነው የምታመጣው ታዲያ? 😂

ቀፊራ፦ ሐረሮች ስትነኩ

ዶክ፦ የጫት ክርክር በርጫ ላይ። ቀጣይ።

መጋላ፦ የግመልስ ወተት

ዶክ፦ ግመልም ለእከክ ይሄንኑ መርፌ ትወጋለች፣ ነገሩ አንድ ነው። ሻጩን መቼ እንደተወጋች ጠይቀው።

ለገሃሬ፦ ፋጉሎ መርዝ አለው የሚሉትስ?

ዶክ፦ እሱ ሻጋታ ነው፣ ሌላ ቀን።

ለገሃሬ፦ እና ወተቱ በደንብ ቢፈላ…

ዶክ፦ ከላይ አንብብ!! ደግሞ ላሟ ላይ የመዥገር መድኃኒት የረጫችሁ ሰዎች ጡቷን ሳታጥቡ አትለቡ፣ ስሙን ጻፉ፣ ስሙን!

የሳቢያኗ፦ ዶክተር ይቅርታ፣ ጥጃዋስ ትጥባ?

ዶክ፦ ትጥባ። ለሥጋ ግን ቶሎ አትሽጪያት።