ስላይዱን ራሳችሁ እዩት

ልጆቼ፣ ሰሞኑን «ጋሼ፣ ምን ላይ ልመራመር?» የምትሉኝ በዝታችኋል። አብዛኞቻችሁ ፈንድ ያለበትን ርዕስ ነው የምታድኑት። አልፈርድባችሁም፣ እኔም በባዶ ኪስ አልሠራሁም። ግን እስቲ ስለ እንዶድ ላውራችሁ።

ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ቢልሃርዚያን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። የቢልሃርዚያ ትል ደግሞ ቀንድ አውጣ ውስጥ ሳይራባ ወደ ሰው አይደርስም። ነገሩ ይኸው ነው። እንዶድን ማን የማያውቅ አለ? እናቴም ነጠላዋን ታጥብበት ነበር፣ እኔ አረፋውን አያለሁ እንጂ ከታች ያለውን ውሃ ዞር ብዬ አላየሁም። በ1989 እ.ኤ.አ. ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ያገኙት በዚሁ በእንዶድ ሥራ ነው።

አሁን ደግሞ የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። ጀማሪ ሳለሁ አንድ ቀበሌ ሄደን ከተማሪዎች ሰገራ ሰበሰብን። ጠዋት፣ ሰገራን በግሊሰሪን አጥርቶ የትል እንቁላል በሚቆጠርበት በካቶ ካትዝ ዘዴ ስላይዶቹን (የማይክሮስኮፕ መስታወቶቹን) አዘጋጀሁ፣ ምሳ በላሁ፣ ቡና ጠጣሁ፣ ከሰዓት ማይክሮስኮፑ ላይ ተቀመጥኩ። የወስፋት እንቁላል ሞልቷል፣ ሁክዎርም የሚባለው ሌላው የአንጀት ትል ግን አንድም የለም። ደስ ብሎኝ «ሁክዎርም የሌለበት ቀበሌ» ብዬ ጻፍኩ። አብሮን የነበረ አንጋፋ ቴክኒሺያን መዝገቡን አየና፣

«ስንት ሰዓት ነው ያዘጋጀኸው?» አለኝ።

«ጠዋት።»

«ታዲያ ከሰዓት ምን ልታይ መጣህ?»

ለካስ ግሊሰሪኑ ሰገራውን እያጠራ ሲሄድ የሁክዎርምን ስስ እንቁላል አብሮ ያጠፋዋል። በግማሽ ሰዓት፣ ቢበዛ በአንድ ሰዓት ውስጥ ካላያችሁት አለቀ። የምትለካው ሰገራ 41.7 ሚሊግራም ብቻ ናት፣ የአንድ ግራሙን ለማወቅ የቆጠራችሁትን በ24 ታባዛላችሁ። አንድ እንቁላል አመለጣችሁ ማለት ወረቀቱ ላይ 24 ጎደለ ማለት ነው። ኮምፒውተር ላይ የገባ ቁጥር ደግሞ ያምራል፣ ማንም አይጠረጥረውም። ዳታ ሰብሳቢ ቀጥራችሁ ቢሮ ቁጭ የምትሉ፣ እዚህ ላይ ነው የምቆጣችሁ።

በማግስቱ እቃዬን ይዤ እዚያው ቀበሌ ተመለስኩ። አንዲት እናት ገና ሲያዩኝ «ደግሞ የትናንቱ አልበቃችሁም?» ብለው ሳቁብኝ። አብሬ ሳቅሁ። ቀጥለው ግን ኮስተር አሉና «ለመሆኑ ልጄ ምን ተገኘበት? አምናም ሌሎች ወስደው እንደሄዱ ቀርተዋል» አሉኝ። ፕሮፖዛሌ ውስጥ ለጋዜጣዊ መግለጫ ሳይቀር በጀት ነበረኝ፣ ለእሳቸው ግን መልስ አልነበረኝም። ሁክዎርሙ በበኩሉ ሞልቶ ተገኘ።

ከዚያ ወዲህ በጀት ስሠራ መጀመሪያ የምጽፈው የትል መድኃኒቱን የአልበንዳዞልን ዋጋና ውጤቱን ይዤ የምመለስበትን ነዳጅ ነው።