ሳነቴ ላይ ታመምኩ፣ ጓደኞቼ ግን «አካበድሽ» አሉኝ

ሰላም እህቴ፣ አምድሽን ሁሌ አነባለሁ። ዛሬ የራሴን ጉዳይ ይዤልሽ መጣሁ።

ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ አብረን ያለን ጓደኛሞች ነን። ሁላችንም አዲስ አበባ ነው የምንሠራው። ቅዳሜና እሁድ ሲገጥምልን ሃይኪንግ እንወጣለን። እንጦጦ፣ መናገሻ፣ ወንጪ፣ ዝቋላ ሄደናል፣ አንድም ቀን ከኋላ ቀርቼ አላውቅም። ባለፈው ግን ባሌ ሄድን። አርብ ከሥራ እንደወጣን ተነሳን፣ ሌሊቱን ስንጓዝ አድረን ጎባ ቁርስ በላንና ቀጥታ የባሌ ተራሮች ላይ ያለው ከፍተኛ ሜዳ፣ ሳነቴ ወጥተን ድንኳን ተከልን። ሹፌሩ «ብርዱን አልችለውም» ብሎ ጎባ ሊያድር ተመለሰ።

ከሰዓት በኋላ ራሴን ይፈልጠኝ ጀመር። ማታ የፓስታው ሽታ ራሱ አስጠላኝ፣ ከዚያ ማስመለስ መጣ። «ብርድ ነው የመታሽ» ብለው አረቄ ሰጡኝ፣ ሁለቴ ተጎነጨሁለት፣ ባሰብኝ። ሌሊት ለሽንት ስወጣ እግሬ እንደ ሰከረ ሰው ይንገዳገድ ነበር፣ የድንኳኑ ገመድ ጠልፎኝ ወደቅሁ። አንዷ ጓደኛዬ ብቻ ተነስታ እስኪነጋ ይዛኝ ተቀመጠች። ትንፋሻችን የድንኳኑ ጨርቅ ላይ በረዶ ሠርቶ፣ ጨርቁን በነካነው ቁጥር ፊታችን ላይ ይረግፋል። «እንውረድ» ስል ጉዞውን የሚያዘጋጀው ልጅ «በምን? መኪና የለ፣ ኔትወርክ የለ፣ ተኚ ይለቅሻል» አለኝ። ጠዋት መኪናው መጥቶ ጎባ ስንወርድ ራስ ምታቱ ብን ብሎ ጠፋ። እንዲያውም ርቦኝ በላሁ።

የጎዳኝም ይሄው ነው። ቶሎ ስለተሻለኝ «ድሮም አካብዳ ነው» ተባልኩ። ሳነቴ ላይ ካለው ከቱሉ ዲምቱ ተራራ ጫፍ ፀሐይ ስትወጣ ሊያዩ ነበር፣ ያም በእኔ ምክንያት ተበላሸ። እስካሁን ሙድ ይይዙብኛል። አሁን ያንኑ ጉዞ በዚያው ፕሮግራም ሊደግሙት ነው፣ «ከፈራሽ ቅሪ» አሉኝ። ባሌን በጣም ወድጄዋለሁ፣ ቀይ ቀበሮ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ደግሜ ማየት እፈልጋለሁ። ጓደኞቼንም እወዳቸዋለሁ። ብሄድ እንዳይደገምብኝ እፈራለሁ፣ ብቀር ደካማ እባላለሁ። ምን ይሻለኛል?

ስሜ ይቆየኝ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

እህቴ፣ አላካበድሽም። ታመሽ ነበር። ሐኪም አይደለሁም፣ ግን የጻፍሽው ሁሉ የሚያመለክተው የከፍታ ሕመምን፣ ማለትም ሰውነት ሳይለምደው ቶሎ ከፍ ያለ ቦታ ሲወጡ የሚመጣውን ነው።

ጓደኞችሽ «ቶሎ ከተሻላትማ አልታመመችም» ነው የሚሉት። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ለዚህ ሕመም ዋናው መድኃኒት ወደ ታች መውረድ ነው። የምግብ መመረዝ ወይም ጉንፋን ቢሆን ኖሮ ጎባ ስለደረስሽ ብቻ አይለቅሽም ነበር።

እስቲ ቁጥሩን እንየው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ለዚህ ነው እዚህ የምንኖር ሰዎች «እኛ ደገኛ ነን፣ ከፍታ ምን ያደርገናል» የምንለው። ዝቋላ ጫፉ ላይ 3,000 አይሞላም፣ እሱም ቢሆን ወጥተው ሲመሽ የሚወርዱት ነው። ሳነቴ ግን 4,000 ሜትር ነው፣ ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377። እናንተ እንቅልፍ እንኳን በወጉ ሳትተኙ ከ2,400 ተነስታችሁ በማግስቱ 4,000 ላይ አደራችሁ። የተራራ ሕክምና የሚያውቁ ሰዎች ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር ይመክራሉ። ከጉብዝና ጋርም አይገናኝም። ጂም የሚውለውን ጎረምሳ ይጥልና አጠገቡ ያለችውን ቀጭን ልጅ ምንም ላይነካት ይችላል። ዘንድሮ አንቺን ያዘሽ፣ በሚቀጥለው አዘጋጁን ራሱን ሊይዘው ይችላል።

ደብዳቤሽን ሳነብ ያስደነገጠኝ መንገዳገድሽ ነው። ራስ ምታትና ማስመለስ ብዙ ሰው ላይ ይመጣል፣ ከፍ ማለቱን አቁሞ ባሉበት ሲያርፉ ሊያልፍም ይችላል። ሰው ቀጥ ብሎ መራመድ ሲያቅተው፣ ንግግሩ ሲምታታበት፣ ወይም ቁጭ ባለበት ትንፋሽ ሲያጥረው ግን አንጎል እያበጠ ወይም ሳንባ ውስጥ ውሃ እየገባ ሊሆን ይችላል። ያኔ እስኪነጋ አይጠበቅም፣ በዚያችው ሰዓት ይወረዳል። አረቄው ደግሞ ነገሩን አባሰው። መጠጥ ትንፋሽን ያዳክማል፣ በዚያ ላይ የተንገዳገድሽው ከአረቄው ይሁን ከሕመሙ ማን ይለይ? ይዛሽ ያደረችውን ልጅ እግዜር ይስጥልኝ በይልኝ።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። በዚያው ፕሮግራም ከሆነ አትሂጂ። እነሱም ባይሄዱ ደስ ይለኛል። ግን ዝም ብለሽ አትቅሪ፣ ሌላ ፕሮግራም ይዘሽላቸው ሂጂ። አርብ ፈቃድ ውሰዱና በጠዋት ተነሱ፣ መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ሳይመሽ ዲንሾ ትገባላችሁ። ዲንሾ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና መሥሪያ ቤት ያለበት ነው፣ ከፍታው 3,100 ሜትር አካባቢ ነው፣ ድንኳናችሁን እዚያ ትተክላላችሁ፣ የደጋ አጋዘኑም በቅርብ ርቀት ሲግጥ ታዩታላችሁ። ቅዳሜ ሳነቴ ውሉ። ሲመሻሽ ወርዳችሁ ዲንሾ እደሩ። ቀይ ቀበሮ እንደሆነ አይጥና ፍልፈል የሚያድነው በቀን ነው፣ ሳነቴ ላይ ስላደራችሁ የበለጠ አታዩትም። የሚቀርባችሁ የፀሐይ መውጣት ብቻ ነው። እሱን የፈለገ ረጅም በዓል ጠብቆ ቀስ እያለ ከፍ ይበል። በቅዳሜና እሁድ ሳነቴ ላይ ማደር፣ በተለይ ለአንቺ፣ አይሆንም።

ይሄን ሁሉ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ አትጻፊው። እዚያ ከጻፍሽው ሁሉም ቀልድ ይጨምርበትና አዘጋጁ እልህ ይያዛል። ለብቻው ቡና ጋብዢውና ፊት ለፊት ንገሪው። «ያን ሌሊት ፈርቼ ነበር፣ እንውረድ ስል መውረጃ አልነበረንም» በይው። እኔ እንደሚመስለኝ ክፉ ልጅ አይደለም። መውረጃ ስላልነበረው ነው «ተኚ» ያለሽ፣ እሱም ሳይፈራ አልቀረም። ሙድ መያዙ ግን ማብቃት አለበት፣ ይሄንንም ሳትለሳልሺ ንገሪው። እንደዛ የሚቀለድበት ሰው በሚቀጥለው ሲያመው ይደብቃል፣ ተራራ ላይ ደግሞ መደበቅ ይገድላል። ሰምቶሽ እምቢ ካለ ያችን አብራሽ ያደረችውን ልጅ ያዢና በራሳችሁ ፕሮግራም ሂዱ። ሁለትም ሦስትም ሆናችሁ ዲንሾ መሄድ ይቻላል፣ አስጎብኚም እዚያው ታገኛላችሁ።

ከመሄድሽ በፊት ሐኪም ጋ ጎራ በይና የሆንሽውን ሁሉ ንገሪው። አሴታዞላማይድ የሚባል ለዚሁ የሚታዘዝ መድኃኒት አለ። ለሁሉም ሰው ስለማይስማማ ግን ከጓደኛ ቦርሳ ተቀብለሽ እንዳትውጪ።

ሹፌሩን ደግሞ ዛሬ ነገ ሳትሉ አነጋግሩት። መኪናው ቀንም ሌሊትም እናንተ ካላችሁበት ንቅንቅ እንደማይል ሒሳብ ከመክፈላችሁ በፊት ተስማሙ። ብርዱን ፈርቶ እምቢ ካለ ሌላ ሹፌር ፈልጉ።