መስመሩን ማን አሰመረው? ስለ አእምሮ ሕመም ጠየቃችሁኝ፣ መለስኩ

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ አእምሮ ሕመም፣ በተለይ ደግሞ «ይሄ ሰው ታሟል» የሚለው ፍርድ በታሪክ እንዴት እንደተለዋወጠ የፈለጋችሁትን ጠይቁ ብዬ ነበር። ብዙ ጥያቄ መጣ። ለማታውቁኝ፣ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነኝ፤ አሁን አስተምራለሁ። የጠያቂዎችን ስም ትቻለሁ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ (የሳይኮሎጂ ተማሪ፣ ጎንደር)፦ ሲስተር፣ መምህራችን አንድን ባህርይ ጤናማ አይደለም ለማለት አራት መስፈርት አለ ብሎናል፤ ከተለመደው ማፈንገጥ፣ ስቃይ፣ የኑሮ መሰናከልና አደጋ። ለፈተና ሸምድጄዋለሁ። ግን ዋናው የቱ ነው?

መልስ፦ አራቱም ለየብቻ ሲቆሙ ይወድቃሉ። ማፈንገጥን እንውሰድ። የዋልድባ መነኮሳት እህል አይቀምሱም፤ ቋርፍ በልተው ይኖራሉ። ከቤተሰብ ተለይተው፣ ሌሊቱን ቆመው ሲጸልዩ ያድራሉ። ከብዙው ሰው ኑሮ በጣም የራቀ ነው፤ በሽታ ነው የሚል ግን የለም፣ ሊባልም አይገባም። አሁን ደግሞ አንድ የባንክ ሠራተኛ አስብ። ድንገት ሥራውን ትቶ፣ «ምግቤ ላይ መርዝ ጨምረውብኛል» ብሎ መብላት አቆመ። እሱም እህል አይቀምስም። ልዩነቱ መነኩሴው መርጦ፣ ትርጉሙን አውቆ፣ የሚረዳው ማኅበር ውስጥ ሆኖ ማድረጉ ነው። ሠራተኛው ግን ፍርሃቱ ነው የሚነዳው።

ስቃይም ብቻውን አይበቃም። ባይፖላር፣ ማለትም ስሜት አንዴ እጅግ ከፍ አንዴ እጅግ ዝቅ የሚልበት ሕመም፣ ያለበት ሰው ስሜቱ ከፍ ባለበት ሰሞን «እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም» ይልሃል። እንቅልፍ የለም፣ ደሞዙን በትኖታል፣ ሚስቱ ታለቅሳለች፤ እሱ ግን ምንም አልተሰቃየም። አደጋ የሚለው ደግሞ ከሁሉም በላይ የተጋነነ ነው። አብዛኛው የአእምሮ ሕመምተኛ ማንንም አይነካም። ብዙ ጊዜ የሚደበደበውና የሚዘረፈው እሱ ራሱ ነው።

ስለዚህ እኔ ቅድሚያ የምሰጠው ለኑሮ መሰናከል ነው። ይተኛል? ይበላል? ሥራውን ይሠራል? ከሰው ይግባባል? በ1992 ጀሮም ዌክፊልድ የተባለ አሜሪካዊ ምሁር ሁለት ነገር አብሮ ይሟላ ብሎ ጻፈ። አንደኛ፣ አእምሮ በተፈጥሮ መሥራት ያለበት ሥራ ተበላሽቷል። ሁለተኛ፣ ብልሽቱ ሰውየውን ይጎዳዋል። የመጀመሪያውን ሳይንስ ይመረምራል፤ ሁለተኛውን ግን የሚፈርደው ማኅበረሰብ ነው። ከዚህ በታች የምታነበው ታሪክ ሁሉ ያ ፍርድ አንዴ ሲቃና አንዴ ሲጣመም የታየበት ነው።

ጥያቄ (ከዋሽንግተን አካባቢ)፦ እናቴ አዲስ አበባ ካረፈች ስምንት ወር ሆናት። ለቀብሯ አልደረስኩም። አሁንም ሥራ ላይ ድንገት እንባዬ ይመጣል። ሐኪሜ የድብርት መድኃኒት እንጀምር አለኝ። ሐዘን በሽታ ነው እንዴ?

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ሐዘን በሽታ አይደለም። ግን ሐዘንተኛም በድብርት ሊታመም ይችላል። ይሄ ጉዳይ ባለሙያዎቹንም አከራክሯል። ሐኪምሽ የሚመራበት የአሜሪካ ሳይካትሪ ማኅበር መጽሐፍ፣ ዲኤስኤም የሚባለው፣ ሰው የሞተበትን ሰው ቶሎ ብላችሁ ድብርት አለበት አትበሉ የሚል አንቀጽ ነበረው። በ2013 በወጣው አምስተኛ እትም አንቀጹ ተሰረዘ። ደጋፊዎቹ «ሐዘንተኛ ስለሆነ ሕክምና ለምን ይከልከል?» አሉ። ተቃዋሚዎቹ «የእናት ለቅሶ በኪኒን ሊታከም ነው» አሉ። በ2022 ደግሞ የተራዘመ ሐዘን የሚባል ሕመም ተጨመረ፤ ለአዋቂ ሰው ቢያንስ አንድ ዓመት ያለፈው መሆን አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት ስድስት ወር ይላል፤ ሐዘኑ ከሰውየው ባህል ልማድ ያለፈ መሆን አለበት የሚልም ጨምሮበታል።

በእኛ ልማድ ደግሞ ሰልስት አለ፣ አርባ አለ፣ ሙት ዓመት አለ። ያንቺ እናት ሙት ዓመቷ ገና ነው። አንቺ ድንኳኑ ውስጥ አልተቀመጥሽም፤ እድርተኛው አብሮሽ አላመሸም። ለቅሶሽን የተቀበለልሽ ሰው የለም። ይሄንን ለሐኪምሽ ቁጭ ብለሽ ንገሪው፤ ካልነገርሽው ሊያውቀው አይችልም። እንቅልፍሽና ምግብሽ ደህና ከሆነ፣ ከእንባው በኋላ ሥራሽን የምትቀጥይ ከሆነ፣ ታግሰን እንየው ማለት ትችያለሽ። ራስሽን የምትጠይ ከሆነ ወይም «እኔም በተከተልኳት» የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ ግን ነገ አትበይ፤ ዛሬውኑ ለሐኪምሽ ንገሪ። መድኃኒቱም ቢሆን የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ጥያቄ (ዲያቆን፣ ደብረ ብርሃን)፦ ድሮ ሰዎች ሁሉንም ነገር ሰይጣን ነው ይሉ ነበር፤ ኋላ ሳይንስ መጣና ብርሃን ሆነ ይባላል። መጽሐፍ ቅዱስም ሳኦልን ክፉ መንፈስ ያዘው ይላል። ታሪኩ እውነት እንደዚህ ቀጥ ያለ ነው?

መልስ፦ ዲያቆን፣ ቀጥ ያለ አይደለም። ሳኦልን ካነሱ ዳዊትን አብረው ያንሡልኝ። ዳዊት የጌት ንጉሥ አንኩስ ዘንድ ሲያዝ አእምሮውን የሳተ መሰለ፤ በሩን እየቧጨረ ለሃጩን በጢሙ ላይ አዝረከረከ። ንጉሡም እብድ ምን ያደርግልኛል ብሎ ተወው። በዚያ ዘመን እብደት ምን እንደሚመስል ሁሉም ያውቅ ነበር ማለት ነው። እብድ በዝምታ እንደሚታለፍም ዳዊት አውቋል።

ከክርስቶስ ልደት 400 ዓመት ገደማ በፊት በግሪክ የሂፖክራተስ ተከታዮች ስለ ሚጥል በሽታ ጻፉ። ሰዉ በሽታውን ቅዱስ ይለው ነበር፤ እነሱ ግን ከሌሎች በሽታዎች የተለየ ቅድስና የለውም፣ መነሻውም አንጎል ነው አሉ። በሽታ የሚመጣው አራት የሰውነት ፈሳሾች ሚዛናቸው ሲዛባ ነው የሚለው ትምህርታቸው ስህተት ነበር። ግን ምክንያቱን ከሥጋ ውስጥ ፈለጉ። በካይሮ በ1284 ሱልጣን ቃላውን ያሠራው ሆስፒታል ለአእምሮ ሕሙማን ክፍል ነበረው።

አንድ ከተማ ግን በተለይ ልንገርዎ። ቤልጂየም ውስጥ ጌል የምትባል ከተማ አለች። በመካከለኛው ዘመን የቅድስት ዲምፍናን መቃብር ብለው የአእምሮ ሕሙማን ይሄዱ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ሲሞላ የከተማው ሰዎች እንግዶቹን እቤታቸው አሳደሩ። ብዙዎቹ እዚያው ቀሩ። እንግዳው ከቤተሰቡ ጋር ይበላል፣ እርሻ ያግዛል፣ ልጅ ይጠብቃል። በ1930ዎቹ መጨረሻ ቁጥራቸው ከ3 ሺህ በላይ ደርሶ ነበር። ቁጥሩ ቢቀንስም ልማዱ ዛሬም አለ። እነዚያ የጥንት ቤተሰቦች ስለ አንጎል ምንም አያውቁም፤ በሽታው የመንፈስ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ያደረጉት ግን ዛሬ ባለሙያ ሁሉ ሊማርበት የሚሄድ ነው።

በሌላ በኩል ጠንቋይ እየተባለ ሰው በብዛት የተቃጠለው በጨለማው ዘመን አይደለም። ማተሚያ ከተፈለሰፈ በኋላ፣ ከ1500ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ነው። ያኔ ዮሐን ቫየር የሚባል ሐኪም በ1563 መጽሐፍ ጽፎ «ከነዚህ ሴቶች ብዙዎቹ ሕመምተኞች ናቸው» ብሎ ተከራከረ። ሰሚ ያገኘው በስንት ጊዜው ነው።

ጥያቄ (ስሙን ያልጻፈ)፦ ጥንት የራስ ቅል ይበሱ የነበሩት መንፈስ ለማስወጣት ነው?

መልስ፦ ቀዳዳው እውነት ነው፤ ብዙ ሺህ ዓመት ያስቆጠሩ የራስ ቅሎች ተገኝተዋል። በአንዳንዶቹ ላይ አጥንቱ መልሶ ገጥሟል፤ ሰውየው ከቀዶ ጥገናው ተርፏል ማለት ነው። ለምን እንደበሱ ግን የጻፈ የለም። ለራስ ጉዳት ሕክምናም ሊሆን ይችላል። መንፈስ ለማስወጣት ነው የሚለው ግምት ነው።

ጥያቄ (ነርስ፣ ሐዋሳ)፦ የአእምሮ ሕሙማንን ሰንሰለት የፈታው ፒኔል የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ነው ብለን ተምረናል። እውነት ነው?

መልስ፦ የሙያ ባልደረባዬ፣ ይሄን ጥያቄ ስለጠየቅሽ ደስ ብሎኛል። ፊሊፕ ፒኔል በ1793 ፓሪስ ቢሴትር ሆስፒታል ሲመደብ ዣን ባቲስት ፒዩሳን የሚባል አስተዳዳሪ አገኘ። ፒዩሳን ሐኪም አልነበረም። ራሱ በዚያው ሆስፒታል ታክሞ የዳነ ሰው ነው። ከሕሙማኑ ጋር ይውላል፣ ባህርያቸውን ይመዘግባል፣ የሚመታቸውን ሠራተኛ ያባርራል። ፒኔል ቁጭ ብሎ ከሱ ተማረ። በቢሴትር ሰንሰለቱ የተፈታው በ1797 ነው፤ የፈታውም ፒዩሳን ነው። ፒኔል ያኔ ወደ ሌላ ሆስፒታል ተዛውሮ ነበር። ታሪኩን በሚያሳዩት ሥዕሎች ላይ ግን የሚታየው ዶክተሩ ፒኔል ነው። ሌሊት ተረኛ ሆናችሁ ሕመምተኛ የምታባብሉ ነርሶች የፒዩሳንን ስም እወቁልኝ።

በዚያው ሰሞን፣ በ1796፣ እንግሊዝ አገር ዮርክ ከተማ ውስጥ የሻይ ነጋዴው ዊልያም ቱክ ሕሙማን እንደ ሰው የሚኖሩበት ቤት ከፈተ። ለንደን ቤድላም በሚባለው የአእምሮ ሆስፒታል ውስጥ ደግሞ ሕዝብ እየገባ ሕሙማንን እንደ ትርኢት ማየቱ የተገደበው ገና በ1770 ነበር።

ጥያቄ (ወጣት፣ አዳማ)፦ ሳይካትሪ ራሱ አላግባብ ሰው ላይ በሽታ ለጥፎ ያውቃል?

መልስ፦ ያውቃል፤ መደበቅም የለበትም። በ1851 ሳሙኤል ካርትራይት የተባለ የአሜሪካ ደቡብ ሐኪም፣ ከጌታቸው የሚጠፉ ባሪያዎች «ድራፔቶማኒያ» የሚባል በሽታ አለባቸው ብሎ ጻፈ። ነጻነት መፈለግ በሽታ ሆነ። ካዘዘው መድኃኒት አንዱ ጅራፍ ነበር። በሶቪየት ኅብረት መንግሥትን የተቃወሙ ሰዎች «ቀስ ብሎ የሚሄድ ስኪዞፍሬንያ» (ስኪዞፍሬንያ ከእውነታ የሚያርቅ ከባድ የአእምሮ ሕመም ነው) አለባችሁ ተብለው ሆስፒታል ይዘጋባቸው ነበር። ሁለቱም ቦታ የተረበሸው ሥልጣን ያለው ሰው ነበር፤ በሽተኛ የተባለው ግን ሥልጣን የሌለው ነው። «ስቃዩ የማን ነው?» ብሎ መጠየቅ እዚህ ላይ ይጠቅማል።

በቅን ልብ የተሠራ ጥፋትም አለ። ፖርቱጋላዊው ኤጋስ ሞኒዝ በ1935 የአንጎል የፊት ክፍልን ግንኙነት የሚቆርጥ ቀዶ ጥገና ጀመረ፤ በ1949 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተቆርጠዋል። ብዙዎቹ ረጋ አሉ፤ ግን ባዶ ሆነው ቀሩ።

ጥያቄ (ከሪያድ)፦ ታዲያ የአእምሮ ሕመም የሥጋ ነው ወይስ የሐሳብ?

መልስ፦ ሁለቱም ወገን ማስረጃ አለው። በ1800ዎቹ የአውሮፓ ሆስፒታሎችን ከሞሉት ሕሙማን ብዙዎቹ እየቃዡ፣ ሽባ ሆነው የሚሞቱ ነበሩ። በ1913 ኖጉቺና ሙር የሚባሉ ተመራማሪዎች የቂጥኝን ተሕዋስ ከአንጎላቸው ውስጥ አገኙት። በኋላ ፔኒሲሊን መጣና ያ በሽታ ከዋርዱ ጠፋ። ያ ድል ሁሉም የአእምሮ ሕመም አንድ ቀን ተሕዋሱ ይገኝለታል የሚል ተስፋ ፈጠረ። አልሆነም። በ1952 ክሎርፕሮማዚን የሚባለው መድኃኒት ለአእምሮ ሕሙማን ሲሰጥ ብዙ ሰው ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ ድምፅ መስማቱ ቀነሰላቸው። ግን የጦርነት ትዝታ፣ በአሠሪ መደብደብ፣ ብቸኝነት አእምሮን እንደሚያሳምሙ አንቺም እዚያ ሆነሽ ሳታይ አትቀሪም። ሥጋም፣ ሐሳብም፣ ኑሮም አለበት፤ መጠኑ ከሰው ሰው ይለያያል።

ጥያቄ (እናት፣ ደሴ)፦ ልጄን የሚጥል በሽታ ይዞታል። ሲወድቅ ክብሪት ያሸትቱታል። ጸበል እየወሰድኩት ነው፤ መድኃኒት ብጀምርለት እምነቴን መተው ነው ይሉኛል።

መልስ፦ እናቴ፣ እምነትዎን የሚያስጥልዎ ነገር የለም። ጸበሉን ይውሰዱት፤ መድኃኒቱንም ይስጡት። ብዙ ካህናት ሁለቱንም የእግዚአብሔር ስጦታ ናቸው ብለው ያስተምራሉ። መድኃኒቱን በጾም ወይም በጸበል ምክንያት ድንገት ማቋረጥ ግን አደገኛ ነው፤ መውደቁን ያባብሰዋል። የሚጥል በሽታ የአንጎል ሕመም እንጂ እብደት አይደለም፤ በትንፋሽም በምራቅም አይተላለፍም። ሲወድቅ ክብሪቱን ይተዉት። በጎኑ ያስተኙት፣ ከጭንቅላቱ ሥር ነጠላ ያድርጉለት፣ አፉ ውስጥ ምንም አይክተቱ፣ እሳትና ድንጋይ ያርቁለት። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ሕክምና ያሩጡት።

ጥያቄ (የጤና ጣቢያ ሠራተኛ፣ ምሥራቅ ጎጃም)፦ በቀበሌያችን አንድ ወጣት ጎጆ ውስጥ እግሩ ታስሮ ይኖራል። ቤተሰቡ ጨካኝ አይደለም፤ ጨንቋቸው ነው። ወደ አዲስ አበባ ልውሰድ ቢሉ ገንዘብ የለም። እኛ ምን ማድረግ እንችላለን?

መልስ፦ ብዙ ቤተሰብ የሚያስረው እንዳለኸው ነው፤ እንዳይጠፋ፣ እንዳይመቱት፣ ገደል እንዳይገባ። ስለዚህ እነሱን መገሠጽ አይጠቅምም። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተከፈተው አማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ጊዜ የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሳይካትሪስት ማሠልጠን የጀመረው በ2003 ነው። ለዚህ ነው ሰው ሁሉ ወይ አዲስ አበባ ወይ ሰንሰለት የሚመስለው።

ግን ከቡታጅራ አካባቢ በ2022 የታተመ ጥናት አለ። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች በሁለት ከፍለው አነጻጸሩ። ገሚሱን የሠለጠኑ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች አከሙ፤ ገሚሱን በሆስፒታል ያሉ የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ተከታተሉ። የጤና ጣቢያው ሕክምና ከሌላው አላነሰም። ስለዚህ መጀመሪያ እቤቱ ሂዱ። ቁስሉን እዩለት፣ ስሙን ጠርታችሁ አናግሩት። ሥልጠናው ካላችሁ መድኃኒት አስጀምሩት፤ ከሌላችሁ በቅርብ ወዳለው የአእምሮ ሕክምና ነርስ ሪፈር ጻፉ። የሚፈታበትን ቀን ከእናቱ ጋር ቁረጡ፤ መድኃኒቱ የሚሠራበትን ጊዜ ስጡት። በየወሩ መድኃኒቱ ሳያልቅ ከወረዳው አስመጡ። መድኃኒት ከመደርደሪያው ጠፍቶ እንደገና ሲታመም ቤተሰቡ ሁለተኛ አያምናችሁም።