የማይጮኸውን እንስሳ ማኖር፦ ክላም ለማሳደግ ለተነሣችሁ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

«ክላም ልገዛ ነውና ምን ይመክሩኛል?» የሚለውን ጥያቄ ስሰማ እኔም በጥያቄ እመልሳለሁ፤ «ገንዳህ ስንት ወሩ ነው?» እላለሁ። ሁለት ወይም ሦስት ወር የሚል መልስ ካገኘሁ ወሬውን ወደ ዓሣ እመልሰዋለሁ። ጠያቂውን ለማሳፈር ብዬ አይደለም። የጨው ውሃ ገንዳዎችን ስተክልና ስንከባከብ ከ30 ዓመት በላይ ቆይቻለሁ፤ በእጄ ካለፉት ክላሞች ውስጥ በበሽታ ካለቁት ይልቅ በእኔ ችኮላና እጅ ማብዛት የሞቱት እንደሚበልጡ አውቃለሁ። አዲስ ገንዳ ደግሞ እጅ ያስበዛል፤ ዛሬ ጨዉን፣ ነገ መብራቱን፣ ከነገ ወዲያ ድንጋዩን መነካካት ያምራል። ቢያንስ ስድስት ወር፣ ከተቻለም አንድ ዓመት ይለፈው።

ክላም ስል በኮራል ሪፍ ላይ፣ ማለትም ኮራል የሚባሉ ደቃቅ የባሕር እንስሳት በገነቡት የባሕር ውስጥ ድንጋይ ላይ የሚኖረውን፣ ትሪዳክና የተባለውን ባለ ሁለት ክዳን እንስሳ ማለቴ ነው። ሰማያዊ፣ አረንጓዴ ወይም ወርቃማ መጎናጸፊያውን ከክዳኖቹ አውጥቶ እንደ ምንጣፍ ሲዘረጋ ያየ ሰው ልቡ መሸፈቱ አያስደንቅም። ከዘመዶቹ ትልቁ፣ ጊጋስ የሚባለው፣ ከ1 ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ክብደቱም ከ200 ኪሎ ያልፋል። የጠላቂን እግር ይዞ ያሰጥማል የሚባለው ግን ተረት ነው፤ እንደዚያ ለመያዝ እግርን ሰጥቶ ቆሞ መጠበቅ ያስፈልጋል። ለቤት ገንዳ የሚሆኑት ከእርሱ የሚያንሱት ናቸው፤ ክሮሲያ፣ ማክሲማ፣ ስኳሞሳና ዴራሳ።

ይህን እንስሳ ለማኖር መጀመሪያ የሚበላውን ማወቅ ይገባል። በመጎናጸፊያው ውስጥ ዙዛንቴላ የሚባሉ እጅግ ደቃቅ አልጌዎች ይኖራሉ። በኮራል ውስጥ እነዚህ አልጌዎች በእንስሳው ሕዋሳት ውስጥ ይቀመጣሉ፤ በክላም ግን ከጨጓራው ተነሥተው መጎናጸፊያው ድረስ በተዘረጉ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ነው መኖሪያቸው። ቀን ቀን በብርሃን አስተፃምሮ ስኳር ይሠራሉ፤ ከሚሠሩትም አብዛኛውን ለባለቤቱ ይሰጣሉ። የሚገርመው፣ ክላም ሲፈለፈል አንድም ዙዛንቴላ ይዞ አይወለድም፤ እጭ ሳለ ከባሕሩ ውሃ ውጦ ነው የሚያገኛቸው። ስለዚህ ክላም ያሳደገ ሰው አንድ እንስሳና አንድ የአትክልት ቦታ በአንድ ላይ ይዟል። ብርሃን ካጣ ይራባል፤ ማዳበሪያ ካጣም ይራባል።

ይህ የማዳበሪያ ነገር ለእኔ የገባኝ ዘግይቶ ነው። በወጣትነቴ ውሃ በጠራ ቁጥር ገንዳው ደኅና ነው ብለን እናምን ነበር። ትልቅ የአረፋ ማጣሪያ ገጠምኩ፤ ፎስፌት የሚመጥ ማጣሪያ ጨመርኩ፤ ከዓሣ ቆሻሻና ከምግብ ትርፍ የሚመጡት ናይትሬቱም ፎስፌቱም ዜሮ ሲሆኑ ደስ ብሎኝ ለሰው ሁሉ አወራሁ። ከጥቂት ወራት በኋላ ዴራሳዬ ቡናማና አረንጓዴ ቀለሙ ለቅቆት እንደ ታጠበ ጨርቅ ነጣ። መብራት ያነሰው መስሎኝ መብራት ጨመርኩ፤ ባሰበት። ክላም አሞኒያና ናይትሬትን ከውሃው ወስዶ አልጌዎቹን እንደሚመግብ የነገረኝ በባሕር እርሻ ላይ የሚሠራ ሰው ነበር። ዓሣ ጨመርኩ፤ ለዓሦቹ የምሰጠውን ምግብ ከፍ አደረግሁ፤ ማጣሪያውን አወጣሁ። ናይትሬቱ በሊትር 5 ሚሊግራም አካባቢ ሲረጋ ቀለሙ ቀስ እያለ፣ ከመጎናጸፊያው ግርጌ ጀምሮ፣ ተመለሰ። ዛሬም በደንበኞቼ ገንዳ ውስጥ ዜሮ ሳይ የምደነግጠው በዚህ የተነሣ ነው።

የትኛውን ልግዛ ለሚለኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ዴራሳ እላለሁ። እንደ ክሮሲያና ማክሲማ አያብረቀርቅም፤ ነገር ግን ታጋሽ ነው፤ ቶሎም ያድጋል። ክሮሲያና ማክሲማ በተፈጥሯቸው ጥልቀት በሌለው ውሃ፣ ፀሐይ ፊት ለፊት የሚኖሩ ናቸው፤ ጠንካራ ብርሃን ይሻሉ። ስኳሞሳና ዴራሳ ባነሰ ብርሃን ያድራሉ። የብርሃን መለኪያ ካላችሁ ለዴራሳ ፓሩ (አልጌዎቹ የሚጠቀሙበት የብርሃን መጠን) 200 አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ለማክሲማና ለክሮሲያ ደግሞ ከ300 በላይ። ነገር ግን ቁጥሩን ስላያችሁ ክላሙን በገዛችሁበት ቀን ከመብራቱ ሥር አታስቀምጡት። ከየት እንደመጣ፣ ስንት ቀን በጨለማ ሳጥን እንደተጓዘ አታውቁም። ከታች፣ ከመብራቱ መሐል ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡትና ሁለት ሦስት ሳምንት ስጡት። በየሁለት ቀኑ ቦታ የሚቀየርለት ክላም የትኛውንም ቦታ አይለምድም። ከ5 ሴንቲሜትር ያነሰውን ደግሞ ለባለሙያ ተዉለት፤ ትንሹ ክላም ከብርሃኑ በተጨማሪ ከውሃው አጣርቶ በሚበላው ላይ ከትልቁ ይበልጥ ይደገፋል፤ ቶሎ ይከሳል።

አሁን የማልወደውን ታሪክ ልንገራችሁ። ሥራውን በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት ገደማ አንድ ደንበኛ ማክሲማውን ከገንዳው ጥግ ወደ መሐል እንዳዛውርለት ጠየቀኝ። ክላሙ ከሥሩ ባለው ቀዳዳ በሚያወጣቸው ክሮች ድንጋዩን አጥብቆ ይዟል። ያዝ አድርጌ ወዘወዝኩት፤ አልለቅ አለ። ጠበቅ አድርጌ ሳብኩት፤ ጨርቅ ሲተረተር የሚሰማ ዓይነት ስሜት በጣቶቼ ተሰማኝና ተነሣ። ገልብጬ ሳየው ከክሮቹ ጋር ነጭ ሥጋ ተንጠልጥሏል። ክሮቹን የሚሠራው ዕጢ አብሮ ተነቅሎ ነበር። ምንም ሳልናገር አዲሱ ቦታ ላይ አስቀመጥኩት። በማግሥቱ ተከፍቶ አማረበት፤ ደንበኛውም አመሰገነኝ። በ11ኛው ቀን ሞተ። ደንበኛው ውሃዬ ተበላሽቶ ነው ብሎ ውሃውን ሲለውጥ፣ እኔም ምክንያቱን እያወቅሁ ባልዲ አቀብለው ነበር።

ክሮቹ በስለታም ምላጭ ከድንጋዩ አጠገብ ቢቆረጡ ክላሙ አይጎዳም፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሌላ ይሠራል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ገና ሲመጣ ከሥሩ መዳፍ የምታህል ጠፍጣፋ ድንጋይ አስገብቶ እርሷን እንዲይዝ ማድረግ ነው። አሸዋ ላይ ለሚቀመጠው ዴራሳ ይህ በጣም ይመቻል፤ ማዛወር ቢያስፈልግ ድንጋዩን ከነክላሙ ታነሡታላችሁ። ክሮሲያ ግን በተፈጥሮው ድንጋይ ቦርቡሮ የሚገባ ስለሆነ መጀመሪያውኑ ትንሽ ጎድጎድ ያለ ድንጋይ ላይ ይቀመጥ። ከውሃ ያወጣችሁትን ማንኛውንም ክላም ስትመልሱም ከውሃው በታች ዘንበል አድርጋችሁ የታመቀው አየር ቡልቅ ቡልቅ እያለ እስኪወጣ ያዙት።

ክላም እንደሚያይ ታውቃላችሁ? በመጎናጸፊያው ጠርዝ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ነጥብ የሚያህሉ ዓይኖች አሉት። ምስል ለይተው ባያዩም ጥላን ይለያሉ። ጤነኛ ክላም እጃችሁ ከላዩ ሲያልፍ ብድግ ብሎ ይሰበሰባል፤ ጥላው ሲያልፍ ይከፈታል። ጥላ አልፎበት ዝም ካለ፣ ወይም ውሃ የሚያስገባበት ቀዳዳ ከልክ በላይ አፉን ከፍቶ ከቀረ፣ ያን ጊዜ አንድ ነገር ሆኗል። ይህንንም ለማየት ብላችሁ በቀን አሥር ጊዜ አታስደንግጡት፤ በተዘጋ ቁጥር ብርሃን ያመልጠዋል።

ስለ ውሃው ብዙ ሰው ብዙ ጽፏልና አላረዝመውም። ሙቀቱ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ጨዋማነቱ በሺህ 35፣ ካልሲየሙ በሊትር 420 ሚሊግራም፣ ማግኒዥየሙ 1300፣ አልካላይኒቲው (በውሃው ውስጥ ያለው የካርቦኔት ክምችት) ዲኬኤች በሚባለው መለኪያ 8 ወይም 9 ገደማ ይሁን። ከእነዚህ ሁሉ ዓይኔን የማልነቅልበት አልካላይኒቲው ነው። ክላም ክዳኑን የሚገነባው ከካልሲየምና ከካርቦኔት ነው፤ ሲያድግ ሁለቱንም ከውሃው ይስባል። ጠርዙ ላይ አዲስ ነጭ መስመር ስታዩ ደስ ይላችኋል፤ በዚያው ሳምንት ግን በውሃው ላይ የምትጨምሩት፣ ትናንት ይበቃ የነበረው ካልሲየምና ካርቦኔት አይበቃም። ይህን ያልተከታተለ ሰው የአልካላይኒቲው ቁጥር ወርዶ 6 ሲደርስ ይደነግጥና በአንድ ማታ 9 ያደርሰዋል። ክላሙን የሚጎዳው እንዲህ ያለው ዝላይ ነው። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ለክታችሁ በደብተር ጻፉ፤ የወረደውንም በቀን ከ1 ዲኬኤች ባልበለጠ መልሱት።

ደብተር ስል ቀልድ የሚመስላቸው አሉ። ስልካቸው ላይ የሚመዘግቡትንም አልነቅፍም። እኔ ግን ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን በገንዳው ላይ ያደረግሁትን ሁሉ እጽፋለሁ፤ መብራት ቢወለወልም፣ ዓሣ ቢገባም። ዓሣ ሲታመም በማግሥቱ ይነግራችኋል፤ ይንሳፈፋል፣ ይታከካል፣ ምግብ ይተዋል። ክላም ሳምንታት ዝም ብሎ ተቀምጦ ይቆይና ሲያስታውቅ አብዛኛውን ጊዜ ጊዜው አልፏል።

ለዚህ አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። አንድ ስኳሞሳ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየተሰበሰበ፣ ነገር ግን ውሃው እንከን የለሽ ሆኖ፣ ሳምንት አለፈ። መብራቱ ከጠፋ ከሁለት ሰዓት በኋላ የእጅ ባትሪ ይዤ ተመለስኩ። በክዳኑ ጠርዝ ላይ የሩዝ ፍሬ የሚያህሉ፣ ነጭና ሹል ቀንድ አውጣዎች ተሰልፈዋል። እያንዳንዱ እንደ ክር የቀጠነ አፉን መጎናጸፊያው ውስጥ ሰክቶ ይጠጣል። ቆጠርኳቸው፤ 14 ነበሩ። ጠዋት ስመለስ አንድም አይታይም፤ ክላሙን ሳነሣው ግን ከሥሩ፣ ክሮቹ በሚወጡበት ቀዳዳ ዙሪያ ተጠግተው አገኘኋቸው። በገንዳው ውሃ በተሞላ ዕቃ ውስጥ ክዳኑን በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ፋቅሁ፤ እንደ ጄሊ የሚያንጸባርቀውን የእንቁላላቸውን ክምችትም አስወገድኩ። አንዴ ፍቆ መተው አይበቃም፤ ያመለጠው እንቁላል ይፈለፈላልና በየሳምንቱ ለአንድ ወር ከግማሽ ደገምኩት። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ዛሬ ማንኛውም አዲስ ክላም ሳይፋቅና ለብቻው በሌላ ገንዳ ሳይሰነብት ወደ ሌሎቹ አላስገባም።

መልአክ ዓሣና ቢራቢሮ ዓሣ ከሚባሉት ጋር ክላም አታኑሩ፤ ዛሬ ባይነክሱት ከወራት በኋላ ይቀምሱታል። ያገለገለ ገንዳ ወይም ድንጋይ ስትገዙ ደግሞ የዓሣ መድኃኒት ገብቶበት እንደሆነ ጠይቁ። በመዳብ የተሠራ መድኃኒት ዓሣን ያድናል፤ ክላምን ይገድላል፤ በድንጋይ ውስጥም ተደብቆ ይቆያል።

ስትገዙ በእርሻ የተራባ መሆኑን አጣሩ። በፓስፊክ ውቅያኖስ ባለችው የደሴቶች አገር በፓላው ውስጥ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የተሠራው የእርባታ ሥራ እነዚህን እንስሳት ከሪፍ ሳይነቅሉ ማግኘት እንደሚቻል አሳይቷል። የትሪዳክና ቤተሰብ በሙሉ ከ1985 ጀምሮ ሳይቴስ በተባለው፣ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት ሁለተኛ አባሪ ውስጥ ተመዝግቧል፤ ድንበር የሚሻገረው በፈቃድ ወረቀት ነው። ወረቀቱን ለማሳየት የሚያቅማማ ሻጭ ካጋጠማችሁ፣ ክላሙ የቱንም ያህል ቢያምር ተመለሱ።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም አንዳንዱ ይሞታል። መጎናጸፊያው ከክዳኑ ሲላቀቅና ጥላ ሲያልፍበት ሲተኛ፣ ነገ ይሻለው ይሆናል ብላችሁ አታሳድሩት። ሲበሰብስ የሚለቀው አሞኒያ በአንድ ሌሊት ዓሦቹንም ይዞ ይሄዳል። አውጡት፤ ከዚያ ደብተሩን ከፍታችሁ ወደ ኋላ አንብቡ። በቅርቡ የሞተብኝ ማክሲማ ስምንት ዓመት ከእኔ ጋር የኖረ ነበር። በሞተበት ሳምንት ቁጥሮቹ ሁሉ ደኅና ናቸው፤ ባለፈው ሳምንትም፣ ከዚያ በፊት በነበረውም። ስድስት ሳምንት ወደ ኋላ ስሄድ ግን በእጄ ጽሕፈት አንዲት መስመር አገኘሁ፤ «መስታወቱን ለመጥረግ ፓምፑን ወደ ቀኝ አዞርኩ» ትላለች። መልሼ እንዳዞርኩት የሚል የለም። ሄጄ ሳየው የፓምፑ አፍ አሁንም ማክሲማው ይቀመጥበት ወደነበረው ባዶ ድንጋይ ዞሮ ውሃውን እየገፋ ነበር።