ጸሎቱን ይደግማል፣ «ውሃ» ማለት ግን አቃተው

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከአዳማ ነው። ታናሽ ወንድሜ ፍራንኮ የሚባለው ሰፈር አካባቢ ባጃጅ ተገልብጦበት ጭንቅላቱን በግራ በኩል ተመታ። ታክሞ ወጥቷል። የምንለው ሁሉ ይገባዋል፣ መናገር ግን አልቻለም። «ውሃ» ለማለት ሲታገል ላብ ያጠምቀዋል። «አባታችን ሆይ»ን ግን ከእናታችን ጋር እስከ መጨረሻው ይላል፤ ሲናደድም ጥርት አድርጎ ይሳደባል። ጎረቤቶች «እያስመሰለ ነው» ማለት ጀምረዋል። ሐኪሙ «የንግግር ቦታው ተነክቷል» ብሎናል። ለመሆኑ ንግግር ቦታ አለው? ይህንንስ ሰው እንዴት አወቀ?

መልስ፦ እግዜር ይማርልሽ እህቴ። ወንድምሽ እያስመሰለ አይደለም። ይህን ለጎረቤቶቻችሁ አፍሽን ሞልተሽ ንገሪያቸው።

እናንተ ቤት ያለው ነገር በ1861 (እ.ኤ.አ.) ፓሪስ ውስጥ ቢሴትር ሆስፒታል ታይቷል። ለቦርን የሚባል የ51 ዓመት ሕመምተኛ ነበር። ምን ቢጠየቅ መልሱ «ታን፣ ታን» ስለሆነ ሰው ሁሉ ታን ይለው ነበር። ቀኝ እጁ አይሠራም። ፖል ብሮካ የሚባል ሐኪም «እዚህ ስንት ዓመት ኖርክ?» ሲለው ግራ እጁን አራት ጊዜ ዘረጋና አንድ ጣት ጨመረ። 21። ልክ ነበር! በማግስቱም ተጠየቀ፣ ያንኑ መለሰ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠየቅ ግን እየተፈተነ መሆኑ ገባውና ተቆጣ፣ ከዚያ «ታን» ብቻ ከሚለው አፍ አንድ ሙሉ እርግማን ወጣ። ልክ እንደ ወንድምሽ።

ታን በቀናት ውስጥ ሞተ። ብሮካ አንጎሉን ሲያይ ጉዳቱን በግራ በኩል፣ ከግንባር ጀርባ ባለው ክፍል ላይ አገኘው። ሌሎች መናገር ያቃታቸው ሰዎችም ላይ ጉዳቱ በአብዛኛው በግራ ሆነ። ሐኪማችሁ «የንግግር ቦታ» ያለው ከዚያ የመጣ ነው።

ያኔ የአንጎልን ውስጥ የሚያሳይ ሲቲ ስካን የለም። ያለው መንገድ የተጎዳውን ሰው በትዕግሥት ማየት፣ ምን እንደቀረበትና ምን እንደተረፈለት መመዝገብ ነበር። በ1953 (እ.ኤ.አ.) ሄንሪ ሞሌሰን የተባለ አሜሪካዊ ለሚጥል በሽታ አንጎሉን በቀዶ ሕክምና ተነካ፤ ከዚያ ወዲህ አዲስ ነገር አእምሮው ውስጥ አልቆይ አለ። ብሬንዳ ሚልነር የምትባል ተመራማሪ ግን በመስታወት እያየ ኮከብ እንዲስል ስታለማምደው እጁ ከቀን ወደ ቀን ተሻሻለ፣ መለማመዱን ራሱ ሳያስታውስ! የእጅ ልምድና የነገር ትዝታ የተለያየ መንገድ እንዳላቸው ያስተማረን እሱ ነው። መጻሕፍት ሐኪሞቹን ያሞግሳሉ። እኔ ግን ለቦርንና ሞሌሰንም እኩል ሊጠሩ ይገባል ባይ ነኝ።

ወደ «አባታችን ሆይ» ልመለስ። ከልጅነት በቃል የያዝነው ጸሎት፣ መዝሙር፣ ከአንድ እስከ አሥር መቁጠር፣ በንዴት የሚያመልጥ ስድብ፣ እነዚህ ሁሉ ተዘጋጅተው የተቀመጡ ናቸው። «ውሃ ስጪኝ» ለማለት ግን ቃሉን ፈልጎ፣ አገጣጥሞ ማውጣት ይጠይቃል። የተጎዳበት ይሄኛው ነው።

ቦታው ተነካ ማለት ደግሞ አለቀ ማለት አይደለም። በ2007 (እ.ኤ.አ.) ተጠብቆ የቆየው የታን አንጎል በኤምአርአይ፣ ውስጡን በሚያሳይ መሣሪያ፣ ሲታይ ጉዳቱ ብሮካ ካየው ጠልቆ ተገኘ፤ ንግግር ብዙ ክፍሎች ተጋግዘው የሚሠሩት ነው። ለውጡ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይፈጥናል፣ ከዚያም በኋላ ቀስ እያለ ይቀጥላል። የንግግር ሕክምና የት እንደሚገኝ ሐኪሙን ሳትጠይቂ እንዳትወጪ። ቤት ውስጥ አጫጭር፣ በ«አዎ» ወይም በ«አይ» የሚመለሱ ጥያቄዎች ጠይቂው። በጣቱ ያሳይ፣ ይሳል። ቃል ሲፈልግ ቶሎ አትቅደሚው። እንደ ሕፃንም አታናግሩት፣ ሁሉንም ይሰማል።

አዲስ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ ያልተለመደ እንቅልፍ ወይም የእጅ እግር መድከም ካየሽበት ግን ነገ አትበይ፣ ያኔውኑ ሆስፒታል ውሰጂው።