ለወጣት ብረት ቀጥቃጮች፦ ስለ ምድጃው፣ ስለ ጥድፊያውና ስለ አለቆች

ውድ ወጣቶች፣

ብረት ቅጥቀጣን ሙያችሁ ለማድረግ የመረጣችሁ፣ ወይም በአንድ ወርክሾፕ ውስጥ መዶሻ ማንሣት የጀመራችሁ ሁሉ፣ ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ስለ ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው እጃችሁና ዐይናችሁ ሊለምዱት ስለሚገባው የምድጃ ሥራ፣ ሁለተኛው ደግሞ ይህን ሥራ በወረቀት ላይ ብቻ ከሚያውቁ አለቆች ጋር ተግባብቶ ስለ መኖር። ሁለቱን ለይቼ ባስተምራችሁ ደስ ባለኝ ነበር። ይሁን እንጂ በሥራ ዘመኔ ካየሁት የተበላሸ ብረት አብዛኛውን ያበላሸው የእጅ ድክመት ሳይሆን በእጁ ላይ የተጫነው ጥድፊያ ስለሆነ፣ አንዱን ነግሬያችሁ ሌላውን መተው አልሆነልኝም።

በቅድሚያ ስለ ቀለም። የጋለ ብረት ምን ያህል እንደሞቀ የሚታወቀው በቀለሙ ነው። 650 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ጠቆር ያለ ቀይ፣ 800 ሲጠጋ ደማቅ ቀይ፣ 950 አካባቢ ብርቱካናማ፣ ከ1100 በላይ ቢጫ ይሆናል፤ ነጭ ሆኖ ብልጭታ መርጨት ከጀመረ ግን ተቃጥሏል፣ የተቃጠለውም ጫፍ ተቆርጦ ከመጣል ሌላ መድኃኒት የለውም። ካርቦኑ ከ0.25 በመቶ የማይበልጠው ለስላሳ ብረት በብርቱካናማና በቢጫ መካከል ሳለ ሲመታ ይታዘዛል። ወደ ጠቆር ያለው ቀይ ሲወርድ መምታቱን አቁማችሁ ወደ እሳቱ መልሱት። «አንድ ሁለት ምት ልጨምርና» የምትል ፈተና ሁልጊዜ ትመጣለች፤ ካርቦኑ ከፍ ባለ ብረት ላይ ያቺ ትርፍ ምት የምታስከትለውን ስንጥቅ በዚያው ሰዓት ዐይን ላያየው ይችላል፣ ብረቱ እንዲጠነክር ዘይት ውስጥ ሲነከር ግን ይከፈታል።

ይህን ቀለም ለይቶ ለማየት ምድጃው ያለበት ጥግ ደብዘዝ ያለ መሆን አለበት። በፀሐይ ብርሃን ቀይ የሚመስለው ብረት ወደ ጥላ ሲወሰድ ብርቱካናማ ወይም ቢጫ ሆኖ ይገኛል። በአንድ ወቅት አብሬያቸው የሠራሁ ሥራ አስኪያጅ ወርክሾፑ ለጎብኚ ዐይን እንዲያምር ብለው ምድጃውን ከሰፊ መስኮት ሥር አዛወሩት። ከሠራተኞቹ አንዱንም አላማከሩም። ጠዋት ደህና ሆኖ የሚሠራው መሮ ፀሐይዋ በመስኮቱ ስትገባ ከመጠን በላይ እየሞቀ መውጣት ጀመረ። አሮጌ ሸራ ሰቅለን ጥላ ብናበጅ፣ ሸራው የወርክሾፑን ገጽታ ያበላሻል ተብሎ እንዲነሣ ታዘዘ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ የመስኮቱ ነገር አይደለም፤ ምድጃው አጠገብ ከሚውሉት ሰዎች መካከል አንዱን ለመጠየቅ የሚፈጀው ጊዜ ከአምስት ደቂቃ ያልበለጠ መሆኑ ነው።

ስለ አመታት ብዙ አልልም፤ እሱን ከጽሑፍ ይልቅ መስፉ፣ ማለትም የጋለው ብረት ተቀምጦ የሚመታበት ከባድ ብረት፣ ራሱ ያስተምራችኋል። የመስፉ ከፍታ እጃችሁን ወደ ታች ለቃችሁ ስትጨብጡ የጣቶቻችሁ አንጓ የሚያርፍበት ያህል ይሁን፤ ከዚያ ካነሰ ወገባችሁን፣ ከበለጠ ትከሻችሁን ይጎዳል። ለጀማሪ አንድ ኪሎ ገደማ የሚመዝን መዶሻ ይበቃዋል። ጉጠቱ የብረቱን ቅርጽና ውፍረት የሚመጥን ይሁን፤ በማይመጥን ጉጠት የተያዘ ብረት በምቱ ተፈናጥሮ የሚያርፈው ሰው ላይ ነውና ለእያንዳንዱ ውፍረት የሚሆን ጉጠት ለመሥራት የምታውሉትን ጊዜ እንደ ሥራ ቁጠሩት። ክብ ዘንግ ማሾል ስትፈልጉ መጀመሪያ አራት ማዕዘን አድርጋችሁ አሹሉት፤ የሚፈለገው ቅጥነት ሲደርስ ጠርዞቹን መትታችሁ ስምንት ማዕዘን፣ በመጨረሻም በቀላል ምት እያዞራችሁ ክብ አድርጉት። ክቡን በክብነቱ እየመታ ለማሾል የሚሞክር ሰው የዘንጉን መሐል ይሰነጥቀዋል፣ ጫፉም ውስጡ ባዶ ሆኖ ይቀራል። ብረቱን ከእሳት ከማውጣታችሁ በፊት የቱን ቦታ ቀድማችሁ እንደምትመቱና በየትኛው ጉጠት እንደምትይዙ ወስኑ፤ ከወጣ በኋላ የሚታሰብ ነገር ሁሉ ሙቀት ያስከፍላል።

አሁን ሙያው ከአለቆች ጋር የሚጋጭበት ዋናው ቦታ ላይ ደርሰናል፤ እሱም ብረትን ማጠንከር ነው። ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ የሚገኘው ብረት ብዙውን ጊዜ 0.6 በመቶ አካባቢ ካርቦን ስላለው መሮና የመሳሰለውን ለመሥራት ይመቻል። ቅጥቀጣው እንዳለቀ ግን በቀጥታ ወደ ዘይት አይገባም። በከፍተኛ ሙቀት ሲቀጠቀጥ የቆየ ብረት ውስጡ ያሉት ቅንጣቶች አድገውና ተዘበራርቀው ስለሚገኙ፣ ማግኔት መሳቡን እስኪተው ድረስ አሙቆ ንፋስ በሌለበት አየር ላይ ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ መተው፣ ይህንንም ሁለት ሦስት ጊዜ መደጋገም ያስፈልጋል። ማግኔት ብረትን መሳብ የሚያቆመው 770 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ቀለም ማንበብ ገና ላልተካነ ሰው በሽቦ የታሰረ ትንሽ ማግኔት ታማኝ መምህር ነው። ከዚያ በኋላ ከዚህ መጠን ጥቂት ከፍ አድርጋችሁ፣ ሙቀቱ ወጥ መሆኑን አይታችሁ፣ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ በሞቀ ዘይት ውስጥ ቀጥ አድርጋችሁ ንከሩት። ዘይቱ የሚሞቀው ቀጥኖ በብረቱ ዙሪያ በቀላሉ እንዲዘዋወርና ሙቀቱን በእኩል እንዲወስድ ነው። ውኃ ሙቀቱን በጣም በፍጥነት ስለሚነጥቅ ይህን ዓይነቱን ብረት ይሰነጥቀዋል። በደንብ የጠነከረ ብረት ላይ ሞረድ ሳይነክስ ይንሸራተታል።

በዚህ ደረጃ ላይ ያለ ብረት ጠንካራ ቢሆንም ተሰባሪ ነውና ሳይውል ሳያድር በመጠኑ መልሶ ማሞቅ ግዴታ ነው። አንዱን ጎን በአሸዋ ወረቀት አጥርታችሁ ቀስ እያላችሁ አሙቁና ቀለሙን ተከታተሉ፤ 220 ዲግሪ ላይ ፈዛዛ ቢጫ፣ 250 ላይ ቡናማ፣ 280 ላይ ሐምራዊ፣ 300 ላይ ሰማያዊ ይሆናል። ቀዝቃዛ ብረት ለሚቆርጥ መሮ ስለቱ ሐምራዊ ሲሆን ይቁም፤ በመዶሻ የሚመታው የመሮው ራስ ደግሞ ፈጽሞ መጠንከር የለበትም፣ ከጠነከረ እየተሸረፈ ዐይን ያጠፋል። ተመታ ተመታ ብሎ ዙሪያው የተጠቀለለ የመሮ ራስም እንዲሁ አደገኛ ስለሆነ በመፍጫ ይስተካከል።

ሰው ከውጭ ሆኖ ሲያየው ይህ ሁሉ ሂደት መቆም ይመስላል። ብረቱ አየር ላይ ተጋድሞ ይቀዘቅዛል፣ ቀጥቃጩ አጠገቡ ቆሞ ያየዋል። ከላይ ካነሣኋቸው ሌላ የሆኑ አንድ አለቃ፣ ከእያንዳንዱ ሠራተኛ የሰዓት መከታተያ ቅጽ ሰብስበው፣ ብረቱ አየር ላይ የሚቀዘቅዝበትን ጊዜ ሥራ የተፈታበት ሰዓት ብለው መዘገቡትና እንዲቀር አዘዙ። የዕለቱ ቁጥር ወዲያው ከፍ አለ፣ በስብሰባም ተመሰገኑበት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መሮዎቹ ተሰብረው መመለስ ጀመሩ። የስብራቱን ፊት አገላብጠን ስናየው፣ ደቃቅና ግራጫ መሆን ሲገባው፣ እንደ ስኳር ፍሬ ሸካራ ሆኖ ያብረቀርቅ ነበር። የሚያሳዝነው የተመለሰው ዕቃ የተመዘገበው በሌላ ክፍል መዝገብ ላይ በመሆኑ፣ ያ ትእዛዝ ያስከተለው ኪሳራ ከትእዛዙ ጋር በአንድ ገጽ ላይ ተገናኝቶ አለማወቁ ነው። ጥፋቱ የቀጥቃጮቹ ተደርጎ ተቆጠረ።

ሰዓት ይዞ ሠራተኛን የመለካት ልማድ በአብዛኛው ከአሜሪካዊው መሐንዲስ ከፍሬደሪክ ቴይለር ስም ጋር ይያያዛል። ሠራተኛን በሚያይበት ዐይን ላይ ጽኑ ቅሬታ ቢኖረኝም፣ የዛሬ ተከታዮቹ የረሱትን አንድ ነገር ስለ እሱ መመስከር አለብኝ። ቴይለር ብረት እንዴት እንደሚቆረጥ ለ26 ዓመታት ያህል ሙከራ ሲያደርግ ኖሮ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1906 ያሳተመ ሰው ነበር፤ በቤተልሔም የብረት ፋብሪካም ከማውንሰል ዋይት ጋር ሆኖ ስለ መቁረጫ ብረት አሞቃቅ ባደረገው ምርምር፣ እየቆረጠ ቢግልም እንኳ ስለቱ የማይሞት መሣሪያ አስገኝቷል። ሰዓቱን ያወረሳቸው አለቆች ያንን በብረቱ አጠገብ የመቆም ትዕግሥት ሳይወርሱ ቀሩ። ኋላም ስለ ጥራት ብዙ ያስተማረው ኤድዋርድስ ዴሚንግ፣ በሥራ ቦታ ላይ የቁጥር ኮታ እንዲቀርና ፍርሃት እንዲወገድ አጥብቆ መክሯል። በቁጥር የሚገዛ ወርክሾፕ ውስጥ ሠራተኛው የተሰነጠቀውን ብረት ደብቆ ከጤነኛው ጋር ሲቀላቅል አይቻለሁና፣ ሁለቱን ምክሮች በአንድነት መስጠቱ ትክክል ነበር እላለሁ።

እንግዲህ እንዲህ ያለ አለቃ ሲገጥማችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ማኩረፍ አይጠቅምም፤ ብዙ ጥሩ ቀጥቃጮች አኩርፈው ሙያውን ሲተዉ ወርክሾፑ ለባሰ ሰው ቀርቷል። ከምትሠሩት ከእያንዳንዱ ዙር አንድ ናሙና ሰብራችሁ ስብራቱን አስቀምጡ፤ ከየትኛው ብረት፣ በምን ሙቀት፣ በምን ዘይት፣ በምን ቀን እንደተሠራ በደብተር ላይ ጻፉ። በስብሰባ ላይ «ሙያው አይፈቅድም» ብሎ የሚከራከር ሰው በቀላሉ ይረታል፤ ሁለት የተሰበሩ ቁራጮችን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ያስቀመጠውን ግን አለማየት ይከብዳል። አለቆች ትክክል የሚሆኑበትም ጊዜ አለ። ዕቃ የሚደርስበትን ቀን ማክበር፣ ያለውን ብረት ቆጥሮ ማወቅ፣ መሣሪያን ወደ ቦታው መመለስ የእነሱ ብቻ ጉዳይ አይደለም፤ በእነዚህ ያልታማ ሠራተኛ በዋናው ነገር ላይ ሲናገር ይሰማል። ብረቱ በሚቀዘቅዝበት ጊዜም ቀጣዩን ዘንግ ቁረጡ፣ የላላ የመዶሻ እጀታ አጥብቁ፤ መጠበቁ የሂደቱ አካል መሆኑን ግን በቅጹ ላይ በስሙ ጻፉት፣ ሥራ እንደተፈታ ተቆጥሮ እንዳይሠረዝ።

ብረት እሳት ውስጥ ሳለ ለስብሰባ መጠራትም የተለመደ ሆኗል። ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው ሲባል የኖረውን ቃል ሁሉም ይጠቅሰዋል፣ ስልክ ደውሎ የሚጠራው ሰው ግን አያስታውሰውም። ከተጠራችሁ መጀመሪያ ብረቱን አውጡ፣ እሳቱን የሚያናፋውን ንፋስ ዝጉ፣ ከዚያ ሂዱ፤ «ወዲያው እመለሳለሁ» ብላችሁ የተዋችሁት ብረት ተቃጥሎ ይጠብቃችኋል። ብረቱ ጉጠት ላይ እያለ ማንም ቢጠራችሁ አትዙሩ።

በደኅንነት ጉዳይ ከማንም ጋር አትደራደሩ፤ ይህን የምለው በሙሉ ልቤ ነው። ዚንክ የተለበጠ ብረት እሳት ውስጥ እንድታስገቡ ብትታዘዙ እንቢ በሉ፤ ዚንክ 907 ዲግሪ ላይ ይተንና ጢሱ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል ሕመም ያመጣል። ሁለት ጫፉ የተደፈነ ቱቦ ሳይበሳ አይሞቅም፣ ይፈነዳል። ከሰል የሚነድበት ክፍል አየር ማስወጫው ለቅዝቃዜ ተብሎ ከተዘጋ፣ ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሞላዋልና ማስወጫው እስኪከፈት ድረስ አታንድዱ። ዘይቱ በእሳት ከተያያዘ ክዳኑን ድፉበት እንጂ ውኃ አታፍስሱበት። መሬት ላይ የወደቀ ብረት ጥቁር ስለሆነ በርዷል አትበሉ፤ 400 ዲግሪ ላይ ያለ ብረት ብርሃን ባለበት ክፍል ውስጥ ሲታይ ጥቁር ነው። ከማንሣታችሁ በፊት የእጃችሁን ጀርባ ሳታስነኩ አስጠግታችሁ ሙቀቱን ፈትኑ።

የሥራ ቦታ ስትፈልጉ ከደመወዙ በፊት ወርክሾፑን ዞራችሁ እዩ። ጉጠቶቹ ስንት ዓይነት ናቸው? የመሮዎቹ ራስ ተጠቅልሏል ወይስ ተስተካክሏል? ጢሱ የሚወጣው በየት ነው? የማጠንከሪያው ሰዓት ማብቃቱን የሚወስነው ማን እንደሆነ በቀጥታ ጠይቁ፤ መልሱን ቀጥቃጩ ቀድሞ ከሰጠና አለቃው ራሱን ነቅንቆ ካረጋገጠ መልካም ምልክት ነው። በመጨረሻም የተበላሸ ሥራ የሚቀመጥበትን ሣጥን እንዲያሳዩአችሁ ለምኑ። ሣጥኑ ከተገኘ፣ በውስጡም ያለው ስብራት ቀንና ምክንያት ተጽፎበት ከሆነ፣ ክፍያው ከሌላው በጥቂቱ ቢያንስም እዚያ ተቀጠሩ።