የኮምፒውተር ጥያቄዎቻችሁ፦ ማዘርቦርዱ የሚነግረን ቮልቴጅ ምን ያህል ይታመናል?

ሰሞኑን ከአዳማ አንባቢዎች ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ የሚያጠነጥኑት የኮምፒውተርን ሙቀትና ቮልቴጅ በሚያሳዩ ሶፍትዌሮች ላይ ነው። ስለዚህ የዛሬውን አምድ ለእነሱ ሰጥቼዋለሁ።

«ፍራንኮ አካባቢ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ እሠራለሁ። ሶፍትዌሩ የ12 ቮልቱ መስመር 8.06 ነው ይለኛል። ያሳየሁት ጠጋኝ ፓወር ሰፕላዩ አልቆለታል ብሎ አዲስ ሊሸጥልኝ ነው። ማሽኑ ግን ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ይውላል። ልግዛ?»

እህቴ፣ ገንዘብዎን ይያዙ። ፓወር ሰፕላዩ የግድግዳውን መብራት ለማሽኑ ወደሚስማሙት 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት መስመሮች የሚቀይረው ሳጥን ነው። 12 ቮልት የሚፈልግ ማሽን በእውነት 8 ቮልት ቢደርሰው ኖሮ ወይ አይነሳም፣ ወይ ሥራ ሲበዛበት ድርግም ይላል። ቀኑን ሙሉ የሚያገለግል ማሽን ይህን ቁጥር ካሳየ መጠርጠር ያለበት ቁጥሩ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በማዘርቦርዱ (የማሽኑ ዕቃዎች ሁሉ በሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ) ላይ ቮልቴጅ የሚለካ ቺፕ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ አይቲኢ ወይም ኑቮቶን የሚሠሩት ነው። ይህ ቺፕ 12 ቮልትን በቀጥታ መቀበል አይችልም፤ አቅሙ ከጥቂት ቮልት አያልፍም። ስለዚህ ቦርዱን የሠራው ፋብሪካ ሁለት ሬዚስተሮች ተክሎ ቮልቴጁን ያሳንስለታል። ሶፍትዌሩ ደግሞ ቺፑ ያየውን ትንሽ ቁጥር መልሶ ማባዛት አለበት። በስንት? ይህ በተተከሉት ሬዚስተሮች የሚወሰን ነው፤ ቺፑ አንድ ዓይነት ሆኖ እንኳ ከቦርድ ቦርድ ይለያያል። ሶፍትዌሩ የእርስዎን ቦርድ ካላወቀው በግምት ያባዛል። የእርስዎን ቁጥር ብንወስድ፣ ቺፑ 2.016 ቮልት አይቶ ሶፍትዌሩ በ4 ካባዛው 8.06 ይወጣል። ፋብሪካው ለ6 ያዘጋጀው ከሆነ ግን ያው 2.016 የሚሰጠው 12.096 ነው፤ ምንም የማይወጣለት ጤነኛ ቮልቴጅ።

ወጪ የሌለው ማጣሪያም አለ። ማሽኑን እንደገና ሲያስነሱ ወደ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት ወደሚነሳው የቦርዱ የራሱ ማስተካከያ) ይግቡና የቮልቴጁን ገጽ ይመልከቱ። ባዮሱን ያዘጋጀው ቦርዱን የሠራው ፋብሪካ ስለሆነ ማባዣውን ያውቃል። እዚያ 12 አካባቢ ካነበቡ ጠጋኙን በትሕትና ያሰናብቱት።

«በመልቲሜትር ለክቼ ሶፍትዌሩን ማስተካከል እፈልጋለሁ። የት ልለካ? የትኛውን ቁጥር ላስገባ?» (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ)

መልቲሜትሩን (ቮልቴጅ የሚለካውን የእጅ መሣሪያ) በቀጥተኛ ቮልቴጅ (ዲሲ)፣ በ20 ቮልት መደብ ላይ አድርገው። ከዚያ በፊት ግን ቀዩ ገመድ አምፔር በሚለካው ቀዳዳ አለመሰካቱን እይ፤ እዚያ ተሰክቶ ከነካህ መስመሩን አገናኝተህ ታቃጥላለህ። ለጀማሪ የሚመቸው ለአሮጌ ሃርድ ዲስክ የሚያገለግለው፣ ሥራ የፈታው ባለአራት ቀዳዳ ማገናኛ ነው፦ ቢጫው 12 ቮልት፣ ቀዩ 5 ቮልት፣ ሁለቱ ጥቁሮች የመለኪያው ጥቁር ገመድ የሚነካቸው መሬት (ግራውንድ)። 3.3 ቮልቱን ከፈለግህ በማዘርቦርዱ ትልቅ ማገናኛ ላይ ብርቱካናማው ሽቦ ነው፤ የመለኪያውን ጫፍ ከሽቦው ጎን በጀርባ በኩል ታስገባለህ። የፓወር ሰፕላዩን ሳጥን ግን አትክፈት። መብራቱ ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ሊጎዳ የሚችል ኃይል ይዘው ይቆያሉ።

የምታስገባው ቁጥር እንደ ሶፍትዌሩ ይለያያል። በዊንዶውስ ላይ እንደ ኤችደብልዩ ኢንፎ ያለው ሶፍትዌር የሚያባዛው አስቀድሞ ያሳየህን ቁጥር ነው። ስለዚህ መልቲሜትሩ ያነበበውን ሶፍትዌሩ ላሳየው አካፍል፦ 12.05 ለ8.06 ሲካፈል 1.495 ይሰጣል፣ 1.5 ብለህ አስገባ። በሊኑክስ ላይ ኤልኤም ሴንሰርስ የተባለው ሶፍትዌር የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ቺፑ እግሩ ላይ ካየው ጥሬ ቁጥር ስለሆነ እዚያ የምትጽፈው 6 ነው። ለምን 1.495 ራሱን እንዳላስገባህ ቀጣዩ ጥያቄ ያሳይሃል።

ከማባዣው ጎን የሚደመር ወይም የሚቀነስ ቁጥር ማስገቢያም አለ። ለ12፣ ለ5 እና ለ3.3 ቮልት ባዶውን ተወው። የሬዚስተር ስሕተት ከቮልቴጁ ጋር አብሮ የሚያድግና የሚያንስ ነው፤ በመደመር አይታረምም።

«ቁጥሩ 12.000 ይልና በድንገት 12.096 ይሆናል። መካከል ላይ ያለ ቁጥር አይቼ አላውቅም። ፓወር ሰፕላዬ ይዘላል ማለት ነው?»

የሚዘለው ቺፑ ነው። ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ቺፖች የሚቆጥሩት በ16 ሚሊ ቮልት እርምጃ ነው። ያ እርምጃ በ6 ሲባዛ 96 ሚሊ ቮልት ይሆናል። ስለዚህ በ12.000 እና በ12.096 መካከል ለሶፍትዌሩ የሚታይ ምንም ነገር የለም፤ እውነተኛው ቮልቴጅ 12.05 ላይ ቆሞ ቢሆን እንኳ ከሁለቱ አንዱን ይመርጣል። ለዚህ ነው ማባዣን እስከ ሦስተኛው አሐዝ ማስላት ትርፉ ድካም የሚሆነው።

«መብራት ሲዋዥቅ ሶፍትዌሩ ያሳየኛል?» (ቦኩ አካባቢ የሚገኝ የኢንተርኔት ቤት)

አያሳይዎትም። ሶፍትዌሩ የሚያየው ከፓወር ሰፕላዩ የወጣውን እንጂ ከግድግዳው የገባውን አይደለም። የገባው ከ220 ወደ 190 ቢወርድ እንኳ ደህና ፓወር ሰፕላይ 12 ቮልቱን ሳያዛንፍ ይቀጥላል። መብራቱ ብልጭ ብሎ ሲመለስም ፓወር ሰፕላዩ ባጠራቀመው ኃይል ማሽኑን ማቆየት የሚችለው ለ16 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ነው። ሶፍትዌሩ ግን የሚያነበው በሰከንድ ወይም በሁለት ሰከንድ አንዴ ስለሆነ ነገሩ ከተፈጸመ በኋላ ይደርሳል። ማሽኖቹ በየጊዜው እንደገና የሚነሱብዎት ከሆነ ገንዘብዎን ዩፒኤስ (መብራት ሲቋረጥ ማሽኑን በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ላይ ያውሉት።

«አንዱ የሙቀት መለኪያ ዘወትር 127 ዲግሪ ይላል። ኔጋቲቭ 12 ቮልት (-12) የሚባለው መስመርም የማይሆን ቁጥር ያሳያል።»

ምንም ያልተገናኘባቸው የቺፑ እግሮች ሳይሆኑ አይቀሩም። 127 ቺፑ መጻፍ የሚችለው የመጨረሻው ቁጥር ነው። ከዝርዝሩ ይደብቋቸው።

«ሰዓቱ በየጠዋቱ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ሶፍትዌሩ የባትሪውን ቮልቴጅ 2.4 ይላል።»

ይህ ቁጥር እውነት ይመስላል። ሳንቲም የምትመስለው ባትሪ 3 ቮልት ናት፤ ሲአር2032 ብለው ይጠይቁና ይቀይሯት።

«ጌም ስጫወት በመልቲሜትርም በሶፍትዌርም 11.28 አነባለሁ። ማባዣውን ከፍ አድርጌ 12 ላድርገው?»

ወንድሜ፣ ይህ ትኩሳት ያለበትን ሰው ቴርሞሜትሩን ዝቅ አድርጎ እንደማዳን ነው። የተፈቀደው ልዩነት 5 በመቶ ነው፦ ለ12 ቮልት ከ11.40 እስከ 12.60፣ ለ5 ቮልት ከ4.75 እስከ 5.25። መልቲሜትሩና ሶፍትዌሩ ተስማምተው ከ11.40 በታች ካሉ የሚስተካከል ንባብ የለም። መጀመሪያ ማገናኛዎቹ መላላታቸውንና መጥቆራቸውን ይዩ፤ ቀጥሎ በሌላ ፓወር ሰፕላይ ይሞክሩት። ያኔም ካልተለወጠ ማዘርቦርዱን ይዘው ይምጡ።

«ሁለት የቮልቴጅ ሶፍትዌሮች በአንድ ጊዜ ከፍቼ አወዳድራለሁ። አንዳንዴ 0 ቮልት ብልጭ ይላል።»

አንዱን ይዝጉት። ሁለቱም አንድ ቺፕ በአንድ በር ሲያነጋግሩ አንዱ የጠየቀውን ሌላው ሊወስድበት ይችላል።